አንዱ ፊልም፣ አምስቱ ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ የካቲት 5 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ፋዲላ ናት። «ፊልም የምትጽፊበት» አለች። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አድጌ ፊልም እጽፋለሁ እያልኩ ጆሮዋን ስላደነቆርኳት ነው። ዛሬ ካየሁት በኋላ ግን ፊልም የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ተሰብስበው ቆቃ ሐይቅ ቢሰምጡ ግድ የለኝም።

ከቤት «ፋዲላ ጋ ላጠና» ብዬ ወጣሁ። ፋዲላም «ኢፍቱ ጋ ላጠና» ብላ ወጣች። የተገናኘነው ሲኒማ ቤት፣ የስምንት ሰዓቱ ላይ ነው። አባዬ ቢሰማ ይጮኻል፣ ይጸልያል፣ ያስጸልያል፤ ለእሱ ሲኒማ የሰይጣን ሳሎን ነው። የፋዲላ አባት ጋሽ መሐመድሰዒድ ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። ጨርቅ ሲለኩ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ዝምተኛ አባት ከሚጮኸው ይልቅ ያስፈራል።

ፊልሙ የቡልጋሪያ ነው፤ ለሶሻሊስት አገሮች የፊልም ወር የመጣ። ትንሽ ከተማ፣ የባቡር ጣቢያ፣ የስኳር ፋብሪካ። (ይህን ለማየት ቡልጋሪያ ምን ያስኬዳል? ወንጂ ከናዝሬት አጠገብ አይደለም እንዴ?) ሁለት ጓደኛሞች አሉ፤ አንዷ ቆንጆ፣ አንዷ ባለ መነጽር። ብስክሌት የያዘ ወንድ ይመጣል። ቆንጆዋ ትወደዋለች። ባለ መነጽሯ ደብዳቤ ታመላልሳለች። በመጨረሻ ቆንጆዋና ባለ ብስክሌቱ በባቡር ይሄዳሉ፤ ባለ መነጽሯ ቆማ መሀረብ ታውለበልባለች። አለቀ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ለባቡሩ መሰለኝ።

ቡልጋርኛ የሚያውቅ ስለሌለ መርዳሳ የሚባል፣ የወጣት ማኅበሩ የባህል ክፍል ኃላፊ፣ ከመጋረጃው ጎን ቆሞ ከአዲስ አበባ የተላከለትን ወረቀት በማይክሮፎን ያነባል። ሁሉም እሱ ነው። ቆንጆዋም እሱ፣ ባለ ብስክሌቱም እሱ፣ አሮጊቷም እሱ። ድምፁ አንድ ነው፤ ሁሉም ጉንፋን የያዛቸው ይመስላሉ። ሊሳሳሙ ሲቃረቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እዚህ ላይ ወጣቶቹ ስለ ምርት ዕድገት ይወያያሉ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ፋዲላ አልሳቀችም። ስንወጣ «ድምፁ ደስ አይልም?» አለችኝ። የቡልጋሪያዊውን የምትል መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ፋዲላ «ወጣቶቹ ይወያያሉ» እያለች በአፍንጫዋ። ሃያ ጊዜ። መምህሩ አስወጣት። ስትወጣም እየሳቀች ነበር።

ማትሪክ ሁለት ወር ቀርቶታል። ሁለታችንም ነጥብ እናመጣለን፣ ስድስት ኪሎ እንገባለን፣ አንድ ክፍል እንይዛለን። አልጋው ተደራራቢ ነው አሉ፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። ይህ ዘጠነኛ ክፍል የተወሰነ ነገር ነው። ማስታወስ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ዛሬ አስታወስኳት። «እሺ ጌቶች» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 12

ያው ፊልም! የሚቀጥለው ከአዲስ አበባ አልደረሰም ተባለ። እኔ ተመልሰን እንሂድ አልኩ፤ ፋዲላ ቀድማ ገብታለች።

የሚገርመው ንግግሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ባለ ብስክሌቱ ለቆንጆዋ «ነገ ፋብሪካው ስብሰባ አለ» ነበር ያላት። ዛሬ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፊት፣ «ዓይንሽ እንቅልፍ ነሳኝ» አላት። ወይ ባለፈው ዋሽቷል፣ ወይ ዛሬ። ወረቀቱንም አየሁት፤ አጥፎ ኪሱ ከትቶታል። ከልቡ ነው የሚያወራው።

ሲያልቅ ፋዲላ ቀጥታ ወደ ማይክሮፎኑ። «ቡልጋርኛ ትችላለህ?» አለችው። «አንቺስ ትችያለሽ?» አላት። «አልችልም።» «እንግዲያው እችላለሁ» አለ። ሳቁ። እኔ የሁለታችንን የደብተር ቦርሳ ተሸክሜ ቆሜ ነበር። ቀልዱ እንኳ ያን ያህል አልነበረም።

እሑድ፣ የካቲት 13

ጠዋት እኛ ቤት አምልኮ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ነው፤ ሬዲዮ ከፍ ተደርጎ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ። አሁን ምሳ ተበልቶ ሁሉም ተኝቷል። ሙቀቱ ጣራውን ያንጣጣዋል።

ስቆጥር እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ፊልም አይቻለሁ። በስድስቱ ትንሽ ከተማና ሁለት ጓደኛሞች አሉ። በህንዱ ከሆነ አብረው ይዘፍናሉ፣ ወንድ ይመጣል፣ አንዷ ታገባዋለች፣ ሌላዋ በሳንባ በሽታ ትሞታለች። በሶሻሊስቱ ከሆነ አብረው ይዘምራሉ፣ ወንድ ይመጣል፣ አንዷ ታገባዋለች፣ ሌላዋ ፋብሪካ ትቀጠራለች። «ወንድየው ብስክሌቱን እየነዳ ሄደ፤ ልጆቹም ወሬያቸውን ቀጠሉ» ብሎ የጻፈ አንድም ሰው የለም። ጓደኛ የምትባለዋን የሚፈጥሯት ደብዳቤ የሚያደርስ ስላጡ ነው፤ አገሩ ፖስታ ቤት የሌለው ይመስል።

እኔ ብጽፈው ኖሮ ብስክሌቱ በመጀመሪያው የፊልም ጥቅል ጎማው ይተነፍስ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 19

ለሦስተኛ ጊዜ። ቡልጋሪያ የምትባል አገር ባትኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ጉዱን ልጻፍ። ባለ ብስክሌቱ ጣቢያው ላይ ቆሞ ቆንጆዋን ሲያያት፣ አፉ ተዘግቶ ሳለ (አፉ ተዘግቶ!) መርዳሳ በማይክሮፎኑ «ሐሙስ በአሥር ሰዓት ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት እጠብቅሻለሁ» አለ። ሦስት መቶ ሰው ተቀምጧል። አንድም ሰው ቡልጋሪያዊ የእኛን ፖስታ ቤት ከየት አወቀው ብሎ አልጠየቀም። ፋዲላ በጨለማው ውስጥ ክንዴን ጨበጠችው፤ ጥፍሯ እስኪሰማኝ።

ወጥተን «ሰማሽ?» አለችኝ። «ምኑን?» አልኩ። «ተይ እንግዲህ ኢፍቱ» አለች።

እኔ ምን ቸገረኝ። የሚያሳዝነኝ ማትሪኩ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 24

በአሥር ሰዓት ፊዚክስ ልናጠና ነበር። ብቻዬን አጠናሁ። ምዕራፍ ስድስት፣ ምዕራፍ ሰባት። ጥሩ ነው፤ ጸጥታ አለው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 26

አንጀቴ አሯል። በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ካልተነበበ አይነበብ።

አራተኛው ቅዳሜ። ባለ መነጽሯ ጓደኛዋን በር ላይ የምትጠብቅበት ቦታ አለ፤ በፊት ምንም አትልም ነበር፣ ዝም ብላ ትቆማለች። ዛሬ መርዳሳ አናገራት። በቀጭን ድምፅ፣ እያስመሰለ፦ «ጓደኛዬ ሆይ፣ ስድስት ኪሎ ገብተን ተደራራቢ አልጋ ላይ እንተኛለን ብለሽኝ አልነበረምን?» ሕዝቡ ሳቀ፤ ለምን እንደሳቀ እንኳ ሳያውቅ። ፋዲላ አፏን ይዛ ሳቀች።

አልጋውን ነግራዋለች። ለማንም ያልነገርነውን። እናቴ እንኳ አታውቅም።

መንገድ ላይ አላናገርኳትም። ፍራንኮ ሰፈር ስንደርስ «ተቀየምሽ እንዴ? ቀልድ ነው እኮ» አለች። ከዚያ ጭራሽ ሌላ አመጣች፦ «የዛሬ ሳምንት እሑድ ሶደሬ እንሂድ ይላል። አንቺ አብረሽን ነይ። ብቻዬን መሄድ አልፈልግም። እቤት አንቺ ጋ ነኝ እላለሁ።»

«እኔ ምን ላደርግ? ልብሳችሁን ልጠብቅ?» አልኳት።

«ኢፍቱዬ፣ ብቻዬን መሄድ አልፈልግም አልኩሽ እኮ» አለች። ሁለት ጊዜ። የፍል ውኃው ግንብ ላይ ተቀምጬ እነሱ ሲረጫጩ ላይ? ሴትና ወንድ ሶደሬ አብረው ታዩ ማለት ከተማው በሙሉ አየ ማለት ነው። ይህን አታውቅም? ቀልቧ ተገፏል።

ሰኞ፣ የካቲት 28

በዕረፍት ሰዓት ለመርዳሳ ደብዳቤ አድርሽልኝ አለችኝ። አደረስኩ። ባለ መነጽሯ እኔ ሆንኩ፤ መነጽር እንኳ የለኝም። «አከም ጅርታ ኢፍቱ» አለኝ በፈገግታ፤ ደህንነቴን መጠየቁ ነው። ወረቀቱን እጁ ላይ ጥዬ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 30

ዛሬ የሆነውን በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ።

የረቡዕ ከሰዓት የሴቶች ጸሎት እትዬ አበባ ቤት ነው። ቀበሌ እንዳይጠረጥር ሹራብ ሥራ ነው የሚባለው፤ ሁሉም ክርና መርፌውን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፣ በር ከተንኳኳ መሥራት ይጀመራል። የእትዬ አበባ ሹራብ ሁለት ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ አንገት አልወጣለትም። እማዬ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች «አንቺ ሂጂልኝ» አለችኝ። ስድስት ሴቶችና እኔ።

እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ሰው የጸሎት ርዕስ ያቀርባል። አንዷ የጉልበቷን ሕመም፣ አንዷ የልጇን ሥራ፣ አንዷ የባሏን መጠጥ። እዚያ የተነገረ እዚያ ይቀራል፤ ያለዚያማ ማንም አይናገርም። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ማትሪክ ልል ነበር። አፌን ስከፍት «አንዲት ጓደኛ አለችኝ» አልኩ።

ስሟን አልተናገርኩም። ይህን አሰምርበታለሁ፦ ስሟን አልተናገርኩም። እስላም እንደሆነች፣ አባቷ ጨርቅ ነጋዴ እንደሆኑ፣ ሲኒማ ቤት የሚያነብ ወንድ እንደያዘች፣ እሑድ ሶደሬ ሊሄዱ እንደሆነ ብቻ ነው። «ልቧ እንዲመለስ» አልኩ። እንባዬ መጣ። ሴቶቹ «አይ ልጄ፣ ሸክም ተሰጥቶሻል» አሉኝ፤ እትዬ አበባ ጀርባዬን አሸችኝ። ደስ የሚል ነበር። ከሳምንታት በኋላ አንድ ሰው የእኔን ነገር ጉዳዬ ብሎ ሰማኝ።

ከዚያ እትዬ እናትነሽ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ዘርግታ ጀመረች፦ «ጌታ ሆይ፣ ያችን የመሐመድሰዒድን ልጅ፣ ፋዲላን…»

እንዴት አወቀች? በዚህ ከተማ ስንት እስላም ጨርቅ ነጋዴ አለ፤ ሃያ? ሠላሳ? ከእነሱ ልጆች ጋር የምውለው እኔ ግን ከአንዷ ጋር ብቻ ነው። ያን ጊዜ አላሰብኩትም። አሜን አልኩ።

ያደረግሁት ለእሷ ብዬ ነው። ሲጸለይላት ምን ይጎዳታል?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 3

ሲኒማ አልሄድኩም። አምስተኛው ቅዳሜ፣ ያው ፊልም ነው አሉ። ፋዲላም አልሄደችም መሰለኝ፤ ምክንያቱም…

እትዬ እናትነሽን አሁን ገበያ መንገድ ላይ አገኘኋት። ፊቷ በርቷል። «ኢፍቱዬ፣ ጌታ በር ከፈተልኝ!» አለች። ለመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ ጋሽ መሐመድሰዒድ ሱቅ ገብታ፣ ሰውየው ሐዘን የገባቸው መስሏት ልታጽናናቸው ፈለገች። «አይዞዎት ጋሽ መሐመድሰዒድ፣ ስለ ፋዲላ እየጸለይን ነው፤ ሶደሬም ብትሄድ ጌታ አይለቃትም» አለቻቸው።

ሐዘን የገባቸው መስሏት! ሰውየው ሁሌም እንደዚያ ናቸው፤ ፊታቸው ነው!

«እሳቸውስ ምን አሉ?» አልኩ።

«ምን ሆናለች አሉኝ። ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አመሰገኑኝ። ጨርቁንም በደንብ ለኩልኝ።»

ስሜን አንስታ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ለምን ታነሳለች? የሚያነሳ ምን ነገር አለ?

የሰው የዋህነት እንዲህ ነው የሚገድለው። በጸሎት ቤት የተባለውን ሱቅ ወስዶ መዘርገፍ! ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 5

ፋዲላ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ወንበሯ ላይ የሌላ ክፍል ልጅ ተቀመጠ። አስነሳሁት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

አልመጣችም። እማዬ ከሴቶቹ ሰምታለች። «ነገሩ እስኪበርድ እዚያ ቤት አትሂጂ፤ ሰውየው ቀበሌ ሄዶ ስለ ሹራቡ ቢናገር ሁላችንም አለቅን» አለች። እሺ አልኩ። መቼም እናት ከከለከለች ምን ይደረጋል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7

ፋዲላ ራሷ መጣች! ከምሳ በኋላ፣ አባዬ ተኝቶ፣ እማዬ ሥራ ሄዳ። ጓሮ ፓፓያው ሥር ተቀመጥን። አልቅሳ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። አላለቀሰችም፤ ፀጉሯን በደንብ ሠርታ፣ የታጠበ ሻሽ አስራ ነው የመጣችው። የፊዚክስ ደብተሬን፣ አረንጓዴ ሹራቤን፣ ባለፈው ዓመት ያዋስኳትን እስክሪብቶ ሳይቀር ይዛልኝ መጥታለች። ጥንቁቅ ሆናለች።

«አባዬ ሰምቷል» አለች።

«ወይኔ! ከማን?» አልኩ።

«አንቺ ከማን ይመስልሻል?»

ምን ልበል? «መርዳሳ ራሱ ይሆናላ። በማይክሮፎን የሚያወራ ሰው የቱን ምስጢር ይጠብቃል?» አልኳት።

ፊቴን አየችው። ከዚያ ሳቅ አለች፤ የክፍል ውስጥ ሳቋ አይደለም። «መርዳሳ ነው ትያለሽ።»

«ሌላ ማን አለ?»

«እውነትሽን ነው፤ ሌላ ማን አለ» አለች።

ሻይ ላፍላ አልኩ፤ አይ አለች። ስትነሳ «የምትነግሪኝ ነገር አለ ኢፍቱ?» አለችኝ። እኔ ስለ ፈተናው የጠየቀችኝ መስሎኝ «ምዕራፍ ሰባት ይወጣል ይባላል» አልኳት። «አመሰግናለሁ» አለች። በር ድረስ ሸኘኋት። እጄን ሳትጨብጥ ሄደች፤ ችኮላ ነው።

ምንም አልጠረጠረችም። ፋዲላ ድሮም የዋህ ናት፤ አራት ዓመት ሙሉ የማውቃት እኔ ነኝ። ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 10

ሄደች።

የማጠናከሪያ ክፍል ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ትናንት ጠዋት አብደላ በሚባል ሰውዬ የጭነት መኪና ላይ ከሻንጣዋ ጋር ተጭና ወደ አርሲ፣ ደራ ሄደች። «ባለ መኪና ነው፤ ሊድሯት ነው» አለች አንዷ። «አርባ ዓመት ይሆነዋል» አለች ሌላዋ። «ጥርሱ ወርቅ ነው» አለች ሦስተኛዋ፤ እስከ ነገ ደግሞ ሁለተኛ ሚስት ያደርጓታል።

ይኸው! ዝምተኛው አባት! ዱሮስ ከእነሱ ምን ይጠበቃል? ማትሪክ አንድ ወር ሲቀረው ልጁን እንደ ጣቃ ጠቅልሎ ላከ። ከአሥራ አንዱ ፊልም በአንዱም እንዲህ ያለ አባት አላየሁም፤ ፊልም ጸሐፊዎቹ እንኳ ያፍራሉ።

ሄጄ ለአባቷ እነግራቸዋለሁ። ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት እላቸዋለሁ። ሰኞ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 14

ሰኞ የክፍል ፈተና ነበር። ማክሰኞ ነፋሱና አቧራው ዓይን አያስገልጥም ነበር።

ዛሬ ጸሎት። እትዬ አበባ «ለጌታ ምስጋና ይሁን፤ ልጅቱ ከዚያ ሕይወት ወጣች» አለች። ስድስቱም አሜን አሉ። እኔም አልኩ። «ኢፍቱስ፣ ርዕስ አለሽ?» ስትለኝ «ማትሪክ» አልኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 20

መርዳሳ ከትምህርት ቤት በር ጠበቀኝ። ከስቷል። ያለ ማይክሮፎን ድምፁ ትንሽ ነው፤ አምስት ሳምንት ከተማውን ያደነቆረው ይህ ነው ለማለት ይከብዳል።

«ለማንም አልተናገርኩም፤ በእናቴ። እኔ ነኝ የመሰላት?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

«ከመሄዷ በፊት አገኘኋት። ምንም አላለችኝም። ‹አንተ አይደለህም፤ ተወው› ብቻ ነው ያለችኝ።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ?» ብዬ ጥዬው ሄድኩ።

‹አንተ አይደለህም።› ምን ማለቷ ነው? ልትሸኘው ብላ ነው። ሰው ሲለያይ እንዲህ ይባላል።

እሑድ፣ መጋቢት 25

ነገ ሱቁ ጋ እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 29

ሄድኩ። እስከ ጋሪ ማቆሚያው። ጋሽ መሐመድሰዒድ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ደንበኛ የላቸውም። እንዳላዩኝ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 1

አዲስ ፊልም መጣ አሉ። ትራክተር ነው። መርዳሳ ወረቀቱን እያየ፣ እንደተጻፈው ያነባል አሉ። አልሄድኩም።

እማዬ «ለምን አትበዪም?» አባዬ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጥናቱ በዛብሽ?» ሁለቱም እየተቀባበሉ። በዛብኝ አልኩ። የጽድቅ ሥራ ሠርታ ምግብ የማይበላላት ሰው አይቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 5

ከፈተናው በፊት ልሄድ ይገባል። ግን ብሄድ ምን ይጠቅማታል? የታጨች ታጨች። ፈተናው ይለፍ፣ ጭንቅላቴ ይረፍ፣ ከዚያ በደንብ አስቤ እናገራለሁ። ስምንት ቀን ምን ያመጣል?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10

እንግሊዝኛ። ስም ሲጠራ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። «ፋዲላ መሐመድሰዒድ» ሲባል ዝም ይሆናል፣ ከዚያ ፈታኙ «የለችም» ብሎ ይሰርዛታል ብዬ። ስሟ ጭራሽ አልተጠራም። ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ተናደድኩ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 13

አለቀ። ፊዚክስ ምዕራፍ ሰባት አልወጣም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 15

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ።

የምለውን ሌሊቱን በሙሉ አጥንቼዋለሁ። ጋሽ መሐመድሰዒድ ለአንዲት ሴት ከፋይ እየለኩ ነበር። እስክትወጣ ቆምኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ኢፍቱ፣ ደህና ነሽ ልጄ? ፈተናው እንዴት ነበር?» አሉኝ።

ትንፋሼ ሳያልቅ ለቀቅሁት፦ «ጋሽ መሐመድሰዒድ፣ ስለ ፋዲላ የተባለው ሁሉ ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ቀንቼ ነው። እባክዎ አይዳሯት።»

ቀንቼ ነው ያልኩት እንዲያምኑኝ ነበር፤ ሌሊት ስለማመደው እንደ ዘዴ ነው ያስገባሁት። ከአፌ ሲወጣ ግን ባንኮኒውን ያዝኩ። እውነት ነበር። ከየካቲት ጀምሮ እውነት ነበር።

«ማን ነው የሚድራት?» አሉ።

«አብደላ… ባለ መኪናው…»

«አብደላ የእናቷ ወንድም ነው።» በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። «አክስቷ ሀጂራ ቤት ደራ አስቀመጣት፤ የፈተና ጣቢያዋንም ደብዳቤ አጽፎ አሰላ አዛወረላት። ሐሙስ ጨረሰች። ደህና ሠርቻለሁ ትላለች።»

የከፋዩን ጫፍ አጥፌ መልሼ ዘረጋሁት።

«ውሸት ነው አትበዪ፤ ውሸት አይደለም» አሉ። «ሲኒማውንም፣ ሶደሬውንም እሷው ነግራኛለች። ተቆጣሁ፤ ደግሜ እንዳልሰማ አልኩ፤ አለቀ። እኔ ልጄን የትም አልሰደድኳትም። ራሷ ናት የሄደችው።»

«ለምን?» አልኩ። እያወቅሁት ነው የጠየቅሁት።

ጣቃውን ጠቅልለው ቦታው አስቀመጡ። «ያቺ ሴትዮ ስምሽን ነግራኝ ነበር። ‹እንደ ኢፍቱ የምትወዳት የለችም፤ እያለቀሰች ነው ያስጸለየችን› አለችኝ። ፋዲላ ማነው የነገረህ ብላ ስትጠይቀኝ ልዋሻት አልቻልኩም። አላመነችኝም። ‹ኢፍቱ አታደርገውም፤ ሄጄ እጠይቃታለሁ› አለች። ረቡዕ እናንተ ቤት ሄዳ ተመለሰችና ‹አባዬ፣ ደራ ላከኝ፤ ናዝሬት አልፈተንም› አለችኝ።»

ረቡዕ። ፓፓያው ሥር። የዋህ ናት ብዬ የጻፍኩባት ቀን።

«የምትጸልዩበትን ቤት በተመለከተ ከእኛ ማንም አይሰማም። እናትሽ አትስጋ» አሉ ደግሞ። ይህን ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለእኔ መልእክት አልተወችም?» አልኩ።

«ትታለች። ‹ከፈተናው በፊት ከመጣች አድራሻዬን ስጣት› ብላኛለች። ወንበር እያወጣሁ በሩ ላይ እቀመጥ ነበር፤ እንድትመጪ።»

«አሁን መጣሁ እኮ» አልኩ። ድምፄ የሕፃን ሆነ።

«ቃል ሰጥቻታለሁ ልጄ።»

«ከፈተናው በኋላ ከመጣችስ ምን አለች?»

ወደ መንገዱ አዩ። «ሻይ አጠጥተህ ሸኛት ነው ያለችኝ።»

ከፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ሻይ አዘዙልኝ፤ የራሳቸውን ወንበርም ሳቡልኝ። ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።